ብርድ ሲመለስ ነጠላ አይበቃም

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች የምንበዛበት አንድ የውይይት መድረክ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ወሬው የቤት ኪራይ፣ የሐረጎ ጭጋግና የኳስ ጭቅጭቅ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ክር ተከፈተና ሰዉ ሁሉ ሥራውን ትቶ ፍንጭ ሲፈታ ሰነበተ። የተጻፈውን እንዳለ አልገለብጠውም። አንዳንዱ ስድብ አለበት፤ አንዳንዱም ከርዕሱ ወጥቶ ቦርከና ድረስ ወርዷል። ሰዎቹ በክሩ ላይ በሰጡት መልስ ቁጥር ቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር ልተርከው።

ክሩን የከፈተው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው። የማታ ፈረቃ ላይ ማሽኑ ካልተበላሸ ሥራው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በዚያ ሰዓት በስልኩ የእንግሊዝኛ ክሮስወርድ፣ ማለትም በፍንጭ ቃላት የሚሞሉበት የሰንጠረዥ ጨዋታ፣ መፍታት ለመደ። ተራውን ሳይሆን ክሪፕቲክ የሚባለውን፣ እንግሊዞቹ የሚያብዱለትን ዓይነት። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ደህና አድርጎ አስረዳ። እያንዳንዱ ፍንጭ ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ የመልሱ ትርጉም ነው፤ ሁልጊዜ ከመነሻው ወይም ከመድረሻው ላይ ይቀመጣል። ሌላው መልሱ ከየትኞቹ ፊደላት እንዴት እንደሚሠራ የሚጠቁም ጨዋታ ነው። ፊደል ይመሳቀላል፣ ይገለበጣል፣ ይቆረጣል፣ አንዱ ቃል በሌላው ሆድ ይገባል። ሁለቱ ግን ተጋጥመው ስለ ሌላ ጉዳይ የሚያወራ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመስላሉ። መጋጠሚያው የት እንዳለ ማግኘት የፈቺው ፋንታ ነው። ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር የመልሱን የፊደል ብዛት ይናገራል።

ከዚያ ጥያቄ አቀረበ፤ ጥያቄው ግን ፍርድ ይመስል ነበር። በአማርኛ ይህ ነገር አይሆንም፣ ፊደላችን አይመችም ባይ ነው። ይሆናል የሚል ካለ ሠርቶ እንዲያሳየው ጋበዘ። እንዲያም ሆኖ ራሱ የሞከራትን አንዲት ፍንጭ ጣል አደረገ፦

«ከደሴ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ውሃ የከበበው መሬት (3)»

መልስ 1 ምስጋናና ሰላምታ ብቻ ነው። መልስ 2 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሐይቅ ነው ብላ ደመደመች። ሦስት ፊደል ነው፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃም አለው። መልስ 3 በትሕትና አረማት። ሐይቁ ራሱ ውሃው ነው እንጂ ውሃ የከበበው መሬት አይደለም። ከዚያ መንገዱን አሳያት። «ከደሴ ትንሽ» የሚለውን ጽፈሽ ክፍተቱን ዝጊው፤ ከመሀሉ «ደሴት» ወጣ ብሎ ይታያል። ወጣ ያለ የተባለው እሱ ነው። ተማሪዋ ለቀጣይ ግማሽ ሰዓት ሳቋን አላቆመችም፤ ቢያንስ የላከቻቸው ምስሎች እንደዚያ ይላሉ።

መልስ 4 አንድ አዛውንት ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም አንቱ ይላቸዋል። ልጅቷን ደገፏት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ነው ከየብስ ጋር የተገናኘው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት ቦታ እንዲህ በቀላሉ ስሕተት ተብሎ እንደማይታለፍ አሳሰቡ። ፍንጩን ግን ራሳቸውም አልፈቱትም ነበር መሰለኝ።

መልስ 5 ላይ ነገሩ ሞቀ። ጸሐፊው በወጣትነቱ ዋድላ ቅኔ የቆጠረ ሰው ነው። ረጅም ጽሑፍ ነው፣ ደግሞም ጥሩ ጽሑፍ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ ከእንግሊዝ ጋዜጣ የቃላት ጨዋታ መማሩ ገረመው። በጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ውስጥ የሚደበቀውን እነሱ በሙሉ ገጽ አይደብቁትም አለ። ኅብር ቃል፣ ውስጠ ወይራ፣ ሁሉም ቤታችን ውስጥ አለ። ታዲያ ምን ጎደለብን ነው ጭብጡ።

መልስ 6 የቴክኒሻኑ ነው፤ የክሩ ጨው ያለው እዚህ ይመስለኛል። ቅኔውን አላጣጣለም። ልዩነቱን ነው ያሳየው። ቅኔ ላይ ወርቁ የት እንዳለ የሚነግርህ የለም። ሰሙ ብቻውን ሙሉ ነው፤ ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰውም የሆነ ነገር ይዞ ሄዷል። ክሪፕቲክ ፍንጭ ላይ ግን ላይኛው ታሪክ ጭራሽ ዋጋ የለውም፤ ከፈታኸው በኋላ ትጥለዋለህ። በምትኩ ፍንጭ ሰጪው ውል ገብቶልሃል። ትርጉሙን ያለማዛባት ይሰጥሃል፣ የፊደሉን መንገድም ይሰጥሃል፣ ሁለቱ አንድ ቃል ላይ ካልተገናኙ ጥፋቱ የእሱ ነው። ማሳሳት ይፈቀድለታል፤ መዋሸት አይፈቀድለትም። ቅኔ ነጋሪው እንዲህ ያለ ውል የለበትም፤ ክብሩም እዚያ ላይ ነው።

መልስ 7 ታሪክ አመጣ። የመጀመሪያው ክሮስወርድ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 ኒው ዮርክ ወርልድ ላይ ወጣ። ያዘጋጀው አርተር ዊን የሊቨርፑል ተወላጅ ነው። ያኔ ግን ፍንጩ ተራ ትርጉም ነበር። ወደ ስውርነት የዞረው እንግሊዝ አገር ከገባ በኋላ፣ በ1920ዎቹ ነው። ኤድዋርድ ፖይስ ማዘርስ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ኦብዘርቨር ላይ ቶርኬማዳ በሚል የብዕር ስም ይሠራ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሞት የተተካው ሰው ደግሞ ዚሜኔስ ተባለ። ሁለቱም የስፔን የሃይማኖት ምርመራ አለቆች ስሞች ናቸው። ሰው አሰቃዮች መሆናቸውን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

መልስ 8 ከታሪኩ የጦርነቱን መርጦ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1942 ዴይሊ ቴሌግራፍ ክሮስወርዱን በ12 ደቂቃ የሚፈታ ካለ ብሎ ውድድር አዘጋጀ። ከተወዳደሩት መሀል አንዳንዶቹ ኋላ ብሌችሊ ፓርክ፣ የጀርመንን ምስጢር ወደሚፈቱት ዘንድ ተጠሩ። በ1944 ደግሞ የኖርማንዲ ዘመቻ የምስጢር ስሞች፣ ዩታ፣ ኦማሃ፣ ኦቨርሎርድ፣ አንድ በአንድ በዚያው ጋዜጣ መልስ ሆነው ብቅ አሉ። አዘጋጁ መምህር ነበር፤ የደህንነት ሰዎች መጥተው መረመሩት። ለቀቁትም። መልስ 9 እዚህ ላይ ስለ ሰላዮች ሌላ ወሬ ጀመረ፤ ማንም አልተከተለውም።

መልስ 10 የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ሸዋ በር ነዋሪ። ወሬውን ወደ ሥራ መለሰችው። አይሆንም ለተባለው ማመሳቀል ምሳሌ አስቀመጠች፦

«ግብር ተዘበራርቆ የሰላም ምልክት ሆነ (3)»

«ግብር» የሚለውን ፊደላት ስታዘበራርቋቸው «ርግብ» ይወጣል። የሰላም ምልክት። ንጹህ ሥራ ነው። አለመታደል ሆኖ መልስ 11 ፒያሳ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነበር። እሱ ከፍንጩ ውስጥ ያነበበው ግብር ተዘበራርቆ የሚለውን ብቻ ነው። የዘንድሮ ግምቱ እንዴት እንደተሠራበት፣ ደረሰኝ ምን ያህል እንዳስቸገረው፣ ሰላም የሚባል ነገር ከየት እንደሚመጣ በሦስት አንቀጽ ዘረዘረ። መልስ 12 እና 13 አጽናኑት። መልስ 14 በመሀል ገብቶ ሰዉ የሚለው እርግብ ነው እንጂ ርግብ አይደለም፣ ስለዚህ አራት ፊደል ነው ብሎ ተከራከረ። ባንከሯ መዝገበ ቃላት ገልጦ ማየት እንደማይከፈልበት መለሰችለት። ከዚህ በኋላ ጨዋነቱ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ።

መልስ 16 የቴክኒሻኑ ነው። አንድ ምሳሌ ሕግ እንደማይሆን አስረዳ። እንግሊዝኛ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፍ አንዱን ቃል በትነህ ሌላ ለመሥራት ሰፊ ቦታ አለ። የእኛ ፊደል አናባቢውን ተሸክሞ ነው የሚንቀሳቀሰው። «ቡ» ን «ባ» ማድረግ አትችልም። ስለዚህ የሚመሳቀሉት ሳድስ የበዛባቸው ቃላት ናቸው። «ክብር» ሲበተን «ብርክ» ይሆናል፣ «ግብር» ደግሞ «ርግብ»፤ «ጠረጴዛ» ግን ወዴትም አይሄድም። መልስ 17 ይህን አይቶ ጥሩ ነገር ተናገረ። እንግሊዞቹ ማመሳቀል የሚያበዙት ቋንቋቸው ስለሚመቸው ነው፤ እኛ ደግሞ መገልበጥና መቁረጥ ይመቸናል። ሁለትና ሦስት ፊደል ያላቸው ቃላት ሞልተውናል፤ ስንገለብጣቸው ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል ይወጣል። የሚመቸንን እንጫወት አለ። ማስረጃ ብሎ ያመጣው ግን እሳት ለኮሰ፦

«ራስ ተገልብጦ ደመወዝ ያስገኛል (2)»

«ራስ» ከኋላ ሲነበብ «ስራ»። መልስ 18 ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ዝም ብለው ቆይተው ነበር፤ አሁን አልቻሉም። ራስ በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፈው። ሥራ ግን በንጉሡ ሠ ነው። ስለዚህ ራስ ቢገለበጥ የሚገኘው ሥራ ሳይሆን የፊደል ስሕተት ነው። መልስ 19 በማሽን ሲተየብ ማን ይለየዋል አለ። መልስ 20 ይህ ዓይነቱ ግድየለሽነት ነው ትውልዱን ያበላሸው ብሎ ጀመረ፤ የጨረሰበትን አልደግመውም። መልስ 21 ሽማግሌ ሆኖ ከመካከል የገባ ነው። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርገን እንቁጠራቸው፤ ግን ፍንጭ ሰጪው መጀመሪያ ላይ ያስታውቅ አለ። መምህሩ አልተስማሙም። አለመስማማታቸውን የገለጹት ግን እንከን በሌለው ሥርዓተ ነጥብ ነው፤ ለዚህ እኔ በበኩሌ ወደድኳቸው።

መልስ 22 እስከ 25 ስለ ወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ተገለበጠ የሚለውን ያየ አንድ ሰው ሰገሌን አስታወሰ። ሌላው ወዲያው አረመው። በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ሲሸነፉ ራስ ሳይሆኑ ንጉሥ ሚካኤል ነበሩ። ከዚያ ደሴ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ፣ የአዳራሹ ስም፣ ማን ይጠየፍ ማን አይጠየፍ። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ክሮስወርድ ግን አይደለም።

መልስ 26 ነርስ ናት። ከአዳሯ ተመልሳ ክሩን በሙሉ አንብባ ሌላ በር ከፈተች። ፊደል ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። ይህ ለአንባቢ ችግር ነው፤ ለፍንጭ ሰጪ ግን ሀብት ነው። ያቀረበችው እንዲህ ይላል፦

«ጊዜው አልደረሰም፤ በዓሉ ግን ደርሷል (2)»

«ገና»። ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ፣ ሲጠብቅ በዓሉ። ሁለት ትርጉም፣ አንድ ጽሕፈት። ቅኔ የቆጠረው ሰው እዚህ ላይ ብቅ አለና ይህ ራሱ ኅብር ነው፣ ከመጀመሪያው ያልኩትም ይኸንኑ ነበር አለ። ድምፁ ለስልሶ ነበር። መልስ 28 ግን ድምፁ የሚለይ ቃል አንድ ቃል ተብሎ ሊቆጠር አይገባም አለ። ቴክኒሻኑ መለሰ፤ መስመሩ ላይ የሚሞላው ፊደል ነው እንጂ ድምፅ አይደለም። ማንም አላስተባበለውም።

መልስ 30 ተመሳሳይ መንገድ ሞከረ፦ «ሰኞ የሚገበያዩባት፣ በክራር የሚቃኙባት (2)»። ባቲ ናት፤ ለወሎ ሰው ይህ ጥያቄ አይሆንም። መልስ 31 የሰጠው ትችት ትክክል ነው። ቅኝቱ ስሙን ያገኘው ከቦታው ከሆነ ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ሥር አላቸው ማለት ነው። ጥሩ ሁለት ትርጉም የሚባለው የማይተዋወቁ ነገሮች አንድ ፊደል ላይ ሲገጣጠሙ ነው።

መልስ 32 ተማሪዋ ናት፤ ያቺ ሐይቅ ያለችው። አሁን ፈቺ ብቻ ሳትሆን ሰጪም ሆናለች፦

«አበባ ልቧን ጥላ መነኮሰች (2)»

አበባ የሴት ስም ይመስላል። ልቧ መሀሏ ያለው «በ» ነው። እሱን ስትጥል «አባ» ይቀራል። ስንቱ አጨበጨበ። መልስ 34 ላይ አዛውንቱ ተመለሱ። ሴት ስትመነኩስ እማሆይ ናት እንጂ አባ አትባልም። ደግሞ መነኮሰች ግስ ነው፤ አባ ግስ አይደለም። ትርጉሙና መልሱ በሰዋስው መመሳሰል አለባቸው የሚለውን ሕግ ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው አገኙት። ልጅቷ አልተከፋችም። «አበባ ልቡ ሲወጣ የመነኩሴ መጠሪያ (2)» ብላ አስተካክላ መለሰች። ትክክል ሆነ፤ ውበቱ ግን ግማሽ ሄደ። የዚህ ጨዋታ ጣጣ ይሄ ነው።

መልስ 36 አጭር ነው። «ሴት ብቻ አይደለም፤ የእናት ልጅ ነው (4)»። ሴት ብቻ ካልሆነ ወንድም አለ። «ወንድም»። ይሄ በ«ም» ብቻ የቆመ ነው፤ እንግሊዝ ቢያይ ይቀናል።

ከዚያ መልስ 39 መጣ። ጸሐፊው መድረኩ ላይ ከዚህ በፊት አንድም ቃል ጽፎ አያውቅም። አሁንም ሰላምታ የለው፣ ማብራሪያ የለው፦

«ብርድ ሲመለስ ነጠላ አይበቃም (3)»

ላይ ላዩን ሲያነቡት ደሴ ላይ በኅዳር ማታ ማንኛዋም እናት የምትናገረው ነገር ነው። ጦሳ ላይ ጉሙ ወርዶ፣ ሰዉ ጋቢ እየፈለገ። ከታች ግን «ብርድ» ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ድ፣ ር፣ ብ። «ድርብ»። ነጠላ ያልሆነ። ነጠላ ልብሱም ነው፣ ቁጥሩም ነው። እኔ ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ተነሳሁ።

ሁሉም ያመሰግናል ብዬ ስጠብቅ መልስ 40 ተቃወመ። «አይበቃም» ማለት «አይደለም» ማለት አይደለም። ድርብ ነጠላ ያልሆነ ነው፤ ነጠላ የማይበቃበት አይደለም። እንደ ውሉ ከሆነ «ብርድ ሲመለስ ነጠላ አይደለም» መባል ነበረበት። መልስ 41 እንዲህ ያለ ሰው ሠርግ ላይም ሒሳብ ይጠይቃል አለ። መልስ 42 ከዚያም የባሰ አለ፤ አስተናባሪው አጠፋው። መምህሩ ሳይቀሩ ከተቃዋሚው ጎን ቆሙ። ቅኔ ያወቀው ሰው በአንጻሩ «አይበቃም» እንዳለ መቆየት አለበት አለ፤ ሰሙ የሚሞቀው በሷ ነው። የገረመኝ ቴክኒሻኑ ነው። ውል ውል ሲል የቆየው ሰው መወሰን አቃተው። ሁለቱንም ጽፎ ድምፅ ይሰጥበት አለ። እኔ «አይበቃም» ካሉት ወገን ነኝ። ፈቺው መንገዱ በሐቅ እስካልጠፋበት ድረስ፣ ትንሽ ላላ ያለ ትርጉም ይታለፋል። «አይደለም» ከተባለ ብርዱ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀመር ነው።

መልስ 47 ያላሰብነውን አነሳ። ፍንጭ መጻፍ ሌላ፣ ሰንጠረዥ መሥራት ሌላ። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነው ያለው፤ ሁለት ቃላት መገናኛ ላይ አንድ ፊደል ለመጋራት ብዙም አይቸገሩም። የእኛ ገበታ 33 በ7 ነው፤ 231። ወደ ጎን የሚሄደው «በ» ከሆነ ወደ ታች የሚወርደውም «በ» መሆን አለበት፤ «ቢ» አይተካውም። መልስ 48 መላ አመጣ። የእንግሊዞቹን ሰንጠረዥ እንከተል። እነሱ ዘንድ ከመልሱ ፊደላት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ከሌላ ቃል ጋር የሚገናኘው፤ እያንዳንዱ ፊደል መገናኘት አለበት የሚሉት አሜሪካኖቹ ናቸው። ደግሞ ሳድስ የበዛባቸውን ቃላት መገናኛ ላይ እናድርጋቸው። መልስ 49 ነጋዴው ነው። ሰንጠረዡ ከተሠራ ሱቁ በር ላይ ለጥፎ፣ ለፈታ ሰው ሻይ እንደሚጋብዝ ቃል ገባ፤ ግብር የሚለው ቃል ግን እንዳይገባ አጥብቆ ጠየቀ።

መልስ 52 ላይ ቴክኒሻኑ ሰባት በሰባት የሆነ ሰንጠረዥ በእጁ ሠርቶ ፎቶውን ለጠፈ። አይሆንም ብሎ የጀመረው እሱ መሆኑን ያነሳበት የለም። ወደ ታች 3 ላይ «ርብ ወደ ላይ ሲፈስ ኪስ ይገባል (2)» ይላል። ርብ ወንዙ ነው፤ ወደ ታች የሚወርድ ቃል ስለሆነ ወደ ላይ ሲነበብ ማለት ነው፤ የቀረውን እናንተ ጨርሱት። ወደ ጎን 5 ግን ፎቶው ላይ ጥላ ወድቆበት አይነበብም። ከ53 እስከ 60 ያሉት መልሶች በሙሉ ድጋሚ ያንሳው የሚሉ ናቸው። እሱ ማታ ፈረቃ ገብቷል።